የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር ስትመርጡ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ምረጡ

«ለኮምፒውተሬ የምር የሚመስል የጦር አውሮፕላን ጌም ፈልጌ ነበር፤ የቱ ይሻለኛል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔም የጌም ስም ከመጥራቴ በፊት መልሼ እጠይቃለሁ፦ «የትኛውን አውሮፕላን ነው ማብረር የምትፈልገው?» ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1940 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የተዋጋውን ስፒትፋየር የሚወድ ሰው የሚደሰትበት ጌም፣ ዘመናዊውን ጄት ኤፍ-16 ለሚያልመው ሰው ምንም አያደርግለትም። ግራፊክሱ ቢያምርም፣ ሰው ሁሉ ቢያወራለትም፣ ልባችሁ ያለበት አውሮፕላን ከሌለው በሁለተኛው ሳምንት ትተዉታላችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ጊዜ ነው። በሳምንት ምን ያህል ሰዓት አላችሁ? በአንድ ጊዜስ ስንት ሰዓት ቁጭ ማለት ትችላላችሁ? ማታ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ የሚያገኝ ሰውና ቅዳሜን ሙሉ ለዚህ የሚሰጥ ሰው አንድ ዓይነት ጌም አይመርጡም።

እነዚህን ሁለቱን ይዛችሁ ወደ እውነተኛነቱ እንምጣ። እኔ ሦስት ቦታ ከፍዬ ነው የማየው። አንደኛው በእጅ የሚታወቀው ነው፦ አውሮፕላኑ ክብደት አለው ወይ? ፍጥነት ሲያጣ ይከዳችኋል ወይ? ሁለተኛው ጭንቅላትን የሚያሠራው ነው፦ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ራዳሩ፣ ሬዲዮው፣ መሣሪያ ከመተኮሱ በፊት ያለው ቅደም ተከተል። ሦስተኛው በዙሪያችሁ ያለው ጦርነት ነው፦ ከእናንተ ውጪ ያሉት አውሮፕላኖች፣ ታንኮችና ፀረ አውሮፕላኖች የራሳቸው ሥራ አላቸው ወይስ እናንተን ብቻ ነው የሚጠብቁት? ሦስቱንም እኩል ያሟላ ጌም እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ አንዱን ማስቀደም ግድ ነው።

አንድ ነገር ቀድመን እናጥራ። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ለሲቪል በረራ የተሠራ ነው፤ ውጊያ የለውም። ተዋጊ ጄት ልታበሩበት ትችላላችሁ፣ የምትተኩሱት ግን የለም። በሌላ በኩል አንድ አውሮፕላን በመቶ የሚቆጠር ሚሳኤል የሚሸከምባቸው ጌሞች አሉ። ለመዝናናት ጥሩ ናቸው፣ እዚህ የምናወራው ግን ስለ እነሱ አይደለም።

በእጅ የሚታወቀው

የበረራውን እውነተኛነት ለመፈተን ፓይለት መሆን አያስፈልግም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ቁሙና ስሮትሉን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል የሚጨምረውን ዘንግ፣ በአንዴ እስከ መጨረሻው ግፉት። ጥሩ ሲሙሌተር ከሆነ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሙስታንግ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ፒ-51 ከሆነ አፍንጫው በኃይል ወደ ግራ ይስባል፤ ቀኝ ፔዳሉን ካልረገጣችሁ ከመንገዱ ትወጣላችሁ። ሞተሩ ፕሮፔለሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያሽከረክር አካሉ በተቃራኒው ስለሚገፋ፣ ከፕሮፔለሩ የሚመጣው ንፋስም እየተጠመዘዘ ጭራውን ስለሚመታ ነው። ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ከተነሳላችሁ ወይ እገዛው በርቷል፣ ወይ ጌሙ ቀላል ነው።

ቀጥሎ ከፍ በሉ፤ 3000 ሜትር ይበቃል። ስሮትሉን ቀንሱና አፍንጫውን ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ፍጥነቱ ሲያልቅ አውሮፕላኑ መንቀጥቀጥ አለበት፤ ከዚያ አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ መውደቅ አለበት። በደንብ የተሠራ ጌም ላይ መንቀጥቀጡ ማስጠንቀቂያ ነው። ውጊያ ላይ ስትዞሩ ያችን ጫፍ እየነካችሁ ነው የምትኖሩት። ይህ ፈተና ግን ለኤፍ-16 አይሆንም። እሱ ላይ በመሪውና በክንፉ መሀል ኮምፒውተር አለ፤ ኮምፒውተሩ ብዙ ጥፋት እንዳትሠሩ ይከለክላችኋል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ጄት መሪውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ ስትዞሩ ፍጥነቱ እንዴት እንደሚወርድ ተመልከቱ። ጠንካራ ዙር ነፃ ከሆነ፣ ማለትም ፍጥነት የማያስከፍል ከሆነ፣ ጌሙ ዋናውን ነገር ትቶታል።

እኔ የምወደው ፈተና ግን ክሊፍስ ኦፍ ዶቨር ላይ ያለው ነው። ይህ ጌም በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ የተደረገውን ውጊያ ነው የያዘው። ስፒትፋየር ማርክ 1 ላይ ተቀመጡና ሳትወጡ ሳትወርዱ አግድም እየበረራችሁ መሪውን በአንዴ ወደ ፊት ግፉት። ወንበራችሁ ላይ ቀለል የምትሉ ይመስላችኋል፣ ወዲያው ሞተሩ ያስላል፣ ለአፍታ ይጠፋል፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ይመለሳል። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። የስፒትፋየሩ መርሊን ሞተር በካርቡሬተር ነበር የሚሠራው። አፍንጫው ድንገት ሲደፋ ነዳጁ ወደ ላይ ይንሳፈፍና ሞተሩ በትክክል አይመገብም። የጀርመኑ ቢኤፍ 109 ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ ስለነበር ይህ ችግር አልነበረበትም። ስለዚህ ጀርመኖቹ ሲሳደዱ አፍንጫቸውን ደፍተው ያመልጡ ነበር። እንግሊዞቹ ደግሞ መጀመሪያ ተገልብጠው፣ ከዚያ መሪውን ወደ ራሳቸው ስበው ነበር የሚከተሏቸው። በ1941 ቤያትሪስ ሺሊንግ የምትባል መሐንዲስ የነዳጁን ፍሰት የምትገድብ ትንሽ ብረት ሠርታ ችግሩን በእጅጉ አቀለለችው። አንድ ጌም ይህን ያህል ካሰበበት ሌላውንም አስቦበታል ብዬ አምናለሁ። እየበረራችሁ ታሪኩን በሞተሩ ሳል ትማሩታላችሁ።

ክሊፍስ ኦፍ ዶቨር በ2011 ሲወጣ ብዙ ችግር ነበረበት። በኋላ ቲም ፊውዥን የሚባሉ አፍቃሪዎቹ አስተካክለውት በ2017 ብሊትዝ በሚል ስም እንደገና ወጣ። ስትገዙ ይህን ብሊትዝ የሚባለውን ፈልጉ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው ልቤ የምትሉ ሁሉ ግን መጀመሪያ የምልካችሁ ወደ አይኤል-2 ግሬት ባትልስ ነው። ከስታሊንግራድ ጀምሮ ሞስኮ፣ ኩባን፣ ራይንላንድና ኖርማንዲ አሉት። ሁሉንም በአንዴ ሳይሆን ክፍል በክፍል መግዛት ትችላላችሁ። ማብሪያ ማጥፊያውን በማውስ አትነኩትም፤ ሁሉም በቁልፍ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ አላየውም። ሥራው ሁሉ መሪውና ስሮትሉ ላይ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አየር ላይ ናችሁ። የካሪየር ክፍሉም ደስ ይላል፦ አንድ ፓይለት ትሆናላችሁ፣ ቡድን ትቀላቀላላችሁ፣ ቀኑ በታሪኩ መሠረት ይሄዳል። ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ለነበረው የእህቴ ልጅ የመረጥኩለት ይህን ነው፤ እስከ ዛሬ ከላዩ አልወረደም።

ጭንቅላትን የሚያሠራው

ማብሪያ ማጥፊያ የሚወድ ሰው አለ። መመሪያ መጽሐፍ አንብቦ የሚደሰት፣ ነገሩ ለምን እንደሚሠራ ሳያውቅ እጁን የማያነሳ። እንደዚህ ከሆናችሁ መድረሻችሁ ዲሲኤስ ወርልድ የሚባለው ጌም ነው።

እዚያ ላይ ኤፍ/ኤ-18 የሚባለውን ጄት ከቀዝቃዛ ሞተር ስታስነሱ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ባትሪውን ታበራላችሁ። ኤፒዩ የምትባለዋን ትንሽ ሞተር ታስነሳላችሁ፣ አረንጓዴው መብራት እስኪበራ ትጠብቃላችሁ። የሞተር ማዞሪያውን ወደ ቀኝ ታደርጋላችሁ። የቀኙ ሞተር መዞር ይጀምራል፣ ቁጥሩ ከ10 በመቶ ሲያልፍ ስሮትሉን ከመዝጊያው ሞተሩ በዝቅተኛ ኃይል ወደሚዞርበት ቦታ ታመጣላችሁ፣ ሙቀቱ ሲወጣ ታያላችሁ። ከዚያ ግራውን። ስክሪኖቹን አንድ በአንድ ታበራላችሁ። የት እንዳለ ለራሱ የሚነግረው መሣሪያ እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ አለባችሁ። እስካሁን ጎማው አልተንቀሳቀሰም። ይህን አንብባችሁ «እሺ፣ ከዚያስ?» ካላችሁ ዲሲኤስ የእናንተ ነው። «ኧረ መች ነው የምበረው?» ካላችሁም አትጨነቁ፤ ሞተሩን በራሱ የሚያስነሳ ቁልፍ አለ፣ ከአየር ላይ መጀመርም ይቻላል። ግን ያ ስሜታችሁ ሌላ ጌም እንድታዩ እየነገራችሁ ነው።

ዲሲኤስ መግቢያው ነፃ ነው። ስታወርዱት ሱ-25ቲ የሚባለው የምድር አጥቂ ጄትና መሣሪያ የሌለው የሙስታንግ ማሠልጠኛ ቲኤፍ-51ዲ አብረው ይመጣሉ። የካውካሰስና የማሪያናስ ካርታዎችም ነፃ ናቸው። ሌላው አውሮፕላን ሁሉ ሞጁል እየተባለ ለየብቻው ይገዛል፣ ዋጋቸውም ቀላል አይደለም። መፍትሔው ምንድን ነው? ጌሙን ስቲም ከሚባለው የጌም መሸጫ ሳይሆን ከራሱ ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ካወረዳችሁት ብዙዎቹን ሞጁሎች ለ14 ቀን በነፃ መሞከር ይቻላል። ስቲም ላይ የገዛችሁትን ወደዚያኛው ማዛወር ትችላላችሁ፤ የዚያኛውን ግን ወደ ስቲም ማምጣት አይቻልም። በዚህ የተነሳ እኔ ስቲሙን አልመክርም።

በአንዴ አንድ ሞጁል ብቻ ግዙ። ቅናሽ ሲመጣ አምስት አውሮፕላን ገዝቶ አንዱንም በወጉ የማያውቅ ሰው በጣም ብዙ ነው። የአንዱ የራዳር አሠራር ከሌላው ጋር ይምታታል፣ ለአንድ ወር ካልነካችሁት ደግሞ ይረሳል። አንድ አውሮፕላን በደንብ የሚያውቅ ሰው አሥር ከሚሰበስበው በላይ ይደሰታል። ስትመርጡም ሞጁሉ ያለቀ ነው ወይስ ኧርሊ አክሰስ ላይ፣ ማለትም ሳያልቅ እየተሸጠ ነው የሚለውን አጣሩ። ዲሲኤስ ላይ ኧርሊ አክሰስ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የምትፈልጉት መሣሪያ «ወደፊት ይመጣል» የሚል ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ እንደሌለ ቁጠሩት።

መሀል ላይ ለሚቆሙ ደግሞ ፍሌሚንግ ክሊፍስ የሚባለው የዲሲኤስ ጥቅል አለ። ኤፍ-15ሲ፣ ሱ-27፣ ሚግ-29 እና ሌሎችም አሉበት። በረራው እንደሌሎቹ የምር ነው፤ የኮክፒቱ ሥርዓት ግን ቀለል ብሎ በቁልፍ ይሠራል። ሚሳኤል መሸሽን፣ ከሩቅ መተኮስን፣ ከፍታና ፍጥነት መጠበቅን ለመማር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ዙሪያችሁ ያለው ጦርነት

እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ጌም አለ፤ እኔ ረጅም ቅዳሜ ሲኖረኝ የምመለሰው ወደ እሱ ነው። የኤፍ-16 ሲሙሌተር የሆነው ፋልከን 4.0 በታኅሣሥ 1998 ማይክሮፕሮዝ ከሚባል ኩባንያ ወጣ። በ2000 የፕሮግራሙ ኮድ ሾልኮ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኞች እየሠሩበት ዛሬ ፋልከን ቢኤምኤስ የሚባለው ላይ ደርሷል። ቢኤምኤስ ራሱ ነፃ ነው፤ ለመጫን ግን ዋናው ፋልከን 4.0 ኮምፒውተራችሁ ላይ መኖር አለበት። እሱም እስከ አሁን ስቲም ላይ በርካሽ ይሸጣል።

የቢኤምኤስ ልብ የኮሪያው ዘመቻ ነው። ስትከፍቱት ካርታው ላይ ጦርነቱ እየሄደ ነው። ብርጌዶች ይንቀሳቀሳሉ፣ ድልድይ ይመታል፣ ስንቅ ይቋረጣል፣ በደርዘን የሚቆጠሩ በረራዎች ሰዓታቸውን ጠብቀው ይነሳሉ። እናንተ ከእነዚህ አንዱን መርጣችሁ ትገባላችሁ። የፀረ አውሮፕላን ራዳር እንድትመቱ ታዝዛችሁ ካልመታችሁት፣ ራዳሩ እዚያው ይቆያል፤ ከኋላ የሚመጡት ቦምብ ጣዮች ዋጋውን ይከፍላሉ። በሬዲዮ የምትሰሙት ጩኸት የሌላ በረራ ነው፣ ለእናንተ ተብሎ የተቀዳ ትዕይንት አይደለም። አንዳንዴ ሙሉ ተልዕኮ በርሬ አንድም ጥይት ሳልተኩስ እመለሳለሁ። ነዳጄ ደህና፣ ጓዶቼ ደህና፣ ኢላማው ተመቷል። ይህ ለእኔ ጥሩ ቀን ነው። ዲሲኤስ ላይ አብዛኛው ተልዕኮ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያቀናበረው ነው፤ በደንብ የተሠራው በጣም ያምራል፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ ስትበሩት ጠላት የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። መልኩ ከዲሲኤስ ጋር አይወዳደርም፣ ልባችሁም ኤፍ-16 ላይ ካልሆነ አይያዛችሁ። መመሪያዎቹ ረጅም ናቸው። ግን በጣም በጥሩ ሁኔታ የተጻፉ ናቸው፣ አብረዋቸው የሚመጡት የሥልጠና በረራዎችም ከመነሳት ጀምረው ደረጃ በደረጃ ይወስዷችኋል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ዋር ተንደር ነፃ ነው፤ ሲሙሌተር የሚለው ምድቡ ከኮክፒት ውጪ እንዳታዩ ያስገድዳል፣ ስለዚህ ለመቅመስ ጥሩ ነው። ቪቶል ቪአር የቪአር መነጽር ላለው ብቻ ነው። አውሮፕላኖቹ የፈጠራ ናቸው፣ ግን ማብሪያውን በእጃችሁ ዘርግታችሁ ስትነኩ የሚሰጠው ስሜት ሌላ ቦታ የለም።

ጓደኞቻችሁ ከእነዚህ አንዱን ቀድመው የሚበሩ ከሆነ ደግሞ እስካሁን ያልኩትን ግማሹን እርሱት። ወደ እነሱ ሂዱ። ከጎናችሁ የሚበር፣ በድምፅ የሚያስተምር ሰው ካለ ከባዱ ጌም ይቀልላል።

ኮምፒውተሩና ዕቃው

ኮምፒውተራችሁን ሳታዩ አትክፈሉ። ዲሲኤስ ከሁሉም ይከብዳል፦ 16 ጊጋባይት ራም መነሻ ነው፣ 32 ቢሆን ይመረጣል፣ ኤስኤስዲ ግን የግድ ነው። ካርታ ስትጨምሩ ከ200 ጊጋባይት ቦታ በላይ ሊሄድ ይችላል። ቢኤምኤስና ግሬት ባትልስ ቀለል ይላሉ። ያላችሁ አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ በ2006 የወጣው አይኤል-2 1946 በእሱ ላይ ይሠራል። አውሮፕላኖቹ ብዙ ናቸው፣ ዛሬም ቁም ነገር የሚያስተምር ጌም ነው።

በኪቦርድና በማውስ አትጀምሩ። በወጉ እንድታበሩ ጆይስቲክ ያስፈልጋል። ውድ መሆን የለበትም። ሁለት ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ በራሱ ላይ የሚዞር እጀታ ይኑረው፣ ይህ ፔዳል እስክትገዙ ድረስ እግራችሁ ይሆናል። ስሮትል የሚሆን ዘንግም ይኑረው። ትንሽ መጨመር ከቻላችሁ በማግኔት የሚሠራውን፣ ሆል ሴንሰር ያለውን ምረጡ። ተራዎቹ ውስጣቸው እየተፋቀ ሲሄድ መሀል ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ አውሮፕላኑም ዝም ብሎ አይቆምላችሁም።

ገንዘብ ከተረፋችሁ የተሻለ ስሮትል ከመግዛታችሁ በፊት ጭንቅላት መከታተያ አስቡ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። በቅርብ የአየር ውጊያ ላይ ከዓይናችሁ የጠፋ ጠላት ከጀርባችሁ ይገኛል። በአውራ ጣት ቁልፍ እየተጫናችሁ ዙሪያችሁን ማየት ሁልጊዜ ይዘገያል። ትራክአይአር የሚባለው ዕቃ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ስታዞሩ በጌሙ ውስጥ ሙሉ ትከሻችሁን አልፋችሁ እንድታዩ ያደርጋል። ኦፕንትራክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ተራ ዌብካም ተጠቅሞ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በዚህ ጀምሩ። የክፍሉ ብርሃን ፊታችሁ ላይ በቂ ይሁን እንጂ ያስገርማችኋል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ማስታወቂያ ቪዲዮ አትዩ። አንድ ሰው ሳይቆርጥ የሚያሳየውን ሙሉ በረራ ፈልጉ፤ በተለይ ማረፉን። ሰውየው ምን ያህል ቁልፍ እንደሚነካ፣ አየር ላይ ስንት ደቂቃ ያለ ምንም ነገር እንደሚጓዝ እዩ። ያ የእናንተ ምሽት ነው የሚሆነው። ከዚያ የአውሮፕላኑን መመሪያ አውርዱና አሥር ገጽ አንብቡ። እነዚያ አሥር ገጾች ከሰለቿችሁ በረራውም ይሰለቻችኋል።

ስቲም ላይ የገዛችሁትን ጌም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት መመለስ ትችላላችሁ። ችግሩ ሲሙሌተር ላይ ሁለት ሰዓት ቁልፍ በማስተካከል ብቻ ያልቃል። ስለዚህ ጌሙን ከመክፈታችሁ በፊት ጆይስቲካችሁ በዊንዶውስ መታወቁን አረጋግጡ፣ የትኛው ቁልፍ ለምን እንደሚሆን በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ከፍታችሁ ቅድሚያ አራቱን ብቻ አስተካክሉ፦ መሪውን፣ ስሮትሉን፣ ፔዳሉን፣ እይታውን። ዲሲኤስ በተለይ አንድን ዕቃ በራሱ ሁለት ቦታ ሊመድበው ይችላል፤ አውሮፕላኑ ያለ ምክንያት ወደ አንድ ጎን ከዞረባችሁ ፔዳሉ የሚለው መስመር ላይ ሁለት ዕቃ አለመኖሩን እዩ። ይህን ስትጨርሱ መሣሪያውን ተዉትና ተነሱ፣ አንድ ዙር ዞሩ፣ እረፉ።